የተሰቀለው እርካብ

ነጩ ማርቸዲስ ወደ ግቢዬ ሲገባ መሪው ላይ የነበረው ኑርዬ እንጂ ልጄ ቢያድግልኝ አልነበረም። የዚያን መኪና ድምፅ ከአስፋልቱ ጀምሬ አውቀዋለሁ። በባጃጅና በሚኒባስ ጩኸት መሀል እንኳ ረጋ ያለ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያለ ድምፅ ነው። እሱን ሰምቼ ነው የምለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ ትቼ "መጣልኝ" እያልኩ የወጣሁት። ኑርዬ ሞተሩን አጠፋ፤ ግን ወዲያው አልወረደም። ሁለት እጁን መሪው ላይ ጭኖ ትንሽ ተቀመጠ።

"ልጁስ?" አልኩት ገና በሩን ሲከፍት።

"ደህና ዋሉ ወይ፣ እማማ የሺ?"

"ደህና። ልጁስ?"

"ጅቡቲ ነው። ወደቡ ላይ ወረፋው በዝቶ ተይዟል። ስልኩንም እዚያው ሰረቁት።"

"ማን ሰረቀው?"

"ሌባ ነዋ፣ እማማ" አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ግን ከአፉ ሳይወጣ ቀረ።

ቢያድግልኝ የልጄ የሰብለወንጌል ልጅ ነው። ሰብለ እሱንና እህቱን ሕይወትን ትታልኝ ከሞተች ወዲህ ሁለቱንም ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የልጅ ልጄ ከማለት ልጄ ማለት ይቀናኛል። ሥራው በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና መንዳት ነው። መስመሩን አይቼው አላውቅም፤ ማየትም አልፈልግም። ቁልቁለቱን ግን ከነመታጠፊያው በሐሳቤ ስንቴ እንደወረድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ማርቸዲሱን ከጓደኛው ከኑርዬ ጋር ሆነው የገዙት ለሠርግ ሊያከራዩት ነው። ቢያድግልኝ የበረሃውን አቧራ ታጥቦ ሲመጣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ የሰው ሙሽራ ከደሴ ወልድያ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ያመላልሳል። በዚህ አገር እንደሱ ያለ መኪና የለም ይላሉ። ወንበሩ ቆዳ ነው። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አያሰማም፤ አንድ ቀን ጭኖኝ ሲሄድ የተዘጋ ስላልመሰለኝ እስክወርድ ድረስ እጀታውን ጨብጬ ነው የተጓዝኩት።

ሊነሳ ሲል ይደውልልኛል። "ቀስ በል" እለዋለሁ። "እምዬ፣ እንዳንቺ ቃል ብነዳ ሙሽራዋ እስክትደርስ ታረጃለች" ይለኛል። ሌላ ብዙ አናወራም። ይበቃን ነበር።

"ታዲያ መኪናውን ምን ልታደርጉት አመጣችሁት?" አልኩ ኑርዬን።

መልሱ ከኋላዬ መጣ። ሕይወት ከቤት ወጥታ መቃኑን ተደግፋ ቆማለች። "እኔ ልስለው ነው፣ እምዬ።"

"መኪናውን?"

"መኪናውን፣ ሁለመናውን። የሙሽራ በቅሎ አስመስዬ። እሱ ነው ያዘዘኝ።"

ይህ ውሸት አልነበረም። ባለፈው ፋሲካ እዚሁ ግቢ ቆሞ "አንቺ፣ የሰው ባጃጅ በአበባ ከምታጨማልቂ የኔን መኪና አያቶቻችን በቅሎ እንደሚሸልሙት አድርገሽ ሸልሚልኝ፤ ያን ጊዜ ሠዓሊ እልሻለሁ" ሲላት ሰምቻለሁ። ሕይወት ሥዕል ተምራ ከመጣች ወዲህ የከተማችንን የሐይቅን ሱቅና የባጃጅ ጀርባ ሁሉ የሞላችው እሷ ናት። አንዱ ዓሣ ቤት ግድግዳ ላይ የሳለችውን ዓሣ ድመት ሲቧጭረው ይውላል እያሉ ይቀልዳሉ።

"ባለቤቱ በሌለበት ይነካል እንዴ?" አልኩ።

"እኔም ባለቤት ነኝ፣ እማማ" አለ ኑርዬ። "ግማሹ የኔ ነው። ፈቅጃለሁ።"

ሙሽራ የሚፈልገው ነጭ መኪና ነው። ቀለም ተለቅልቆ ማን ይከራየዋል? ይህንን ከኔ ይልቅ ኑርዬ ያውቀዋል። ኑሮውም ይኸው መኪና ነው። ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ፤ ግን ልጆች ናቸው፣ የተነጋገሩት ነገር ይኖራል ብዬ ተውኩት።

ሥራው በማግስቱ ተጀመረ። ሕይወት መኪናውን ከአቮካዶው ጥላ ሥር አስቁማ ያን የሚያብረቀርቅ ነጭ ገላ በብርጭቆ ወረቀት ታሸው ጀመር። ልቤ አብሮ ተላጠ። ቤት ገብቼ ብቀመጥም ድምፁ ይከተለኛል። ኑርዬም እጅጌውን ሰብስቦ ሌላውን ጎን ያሻል። አንድም ቃል አይነጋገሩም። ሁለቱ ተገናኝተው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲበሻሸቁ ነው የማውቃቸው።

እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ቢያድግልኝ ስልክ እደውላለሁ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። "ተሰርቆበት ነው፣ እናት" ብዬ እመልስላታለሁ። "የሌላ ሰው ስልክ ተውሶ አይደውልም?" ብዬ ኑርዬን ብጠይቀው፣ "ቁጥርዎን በቃሉ አይዘውማ" አለኝ። ቢያድግልኝ ቁጥሬን ተማሪ ሳለ ጀምሮ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ግን ሰው ሲደክመው ይረሳል። እንዲህ እያልኩ ለራሴ አስረዳለሁ።

ቀለሙ ከመጣ ወዲህ ሌላ ጭንቀት ተጨመረ። ጠረኑ ራስ ያዞራል። "አፍንጫሽን ሸፍኚ" እላታለሁ፤ አትሸፍንም። "ብዪ" እላታለሁ፤ ትቆነጥርና ትመለሳለች። ዓይኗ ቀልቶ፣ ቆቡ አብጦ ሳይ "ይሄ ቀለም ሊያሳውርሽ ነው" ብዬ ተቆጣሁ። "ቀለሙ ነው፣ ይለቀኛል" አለችኝ። አመንኳት። የሚያስፈራኝ ነገር ብዙ ስለነበር አንዱን በቀለም ማሳበቡ ቀለለኝ መሰለኝ።

ስትስል ስልኳን አጠገቧ አድርጋ የአምባሰል ዘፈን ሳትከፍት ብሩሽ አንስታ አታውቅም። ወንድሟ "አንቺ የምትስይው በጆሮሽ ነው" እያለ ያበሽቃት ነበር። አሁን ስልኩ ከኪሷ አይወጣም። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የዶሮዎቹ ድምፅ ብቻ ነው።

አሚናት ጎረቤቴ ናት። በመካከላችን ያለው አጥር ዶሮዎቻችን እንዳይጣሉ ነው እንጂ እኛን የሚለየን ሆኖ አያውቅም። ዓሣ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከዓሣ አጥንት ይብሳል። ኮፈኑ ላይ ልጓሙ ከነጌጡ ወጥቶ ሲያምር ልታይ መጣች።

"ያ ረቢ፣ ይሄማ ያምራል" አለች። "እኔንስ በዚህ ጭናችሁ ለአንዱ ሽማግሌ አትድሩኝም? ቢያድግ ራሱ እየነዳ..."

ሳትጨርሰው አፏን በሻሿ ከደነች። ወደ ሕይወት አየች። ሕይወት ቀና አላለችም።

"ምነው?" አልኩ።

"ጥርሴ ነው፣ የሺ። ነዘረኝ።"

"ያችን አንዲቷን?"

"እሷኑ" አለች። ወዲያው ደግሞ "ኪኒንሽን ውጠሻል ዛሬ?" አለችኝ።

ደም ግፊት አለብኝ። ኪኒኑን ስረሳ የሚያስታውሰኝ በስልክ ቢያድግልኝ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። ሕይወት ጠዋት ጠዋት ውሃውን ይዛ ትቆምና ስውጠው ጉሮሮዬን ታያለች። አሚናት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ትጠይቃለች። ኑርዬ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሳው እሱን ነው።

"ምን ሆናችኋል? አቀልባችሁ ልትሸጡኝ ነው እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አብሽሪ" አለች አሚናት። "ወላሂ የሚገዛሽ የለም።"

ያን ቀን ትንሽ ሳቅን። ሕይወትም ፈገግ ብላ ነበር።

መኪናው እያማረ መሄዱን መካድ አልችልም። በጎንና በጎኑ ቀይ ከፋይ የመሰለ ግላስ፣ የበቅሎ የጌጥ ልብስ፣ ለበሰ፤ ዳርዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ እስኪመስል በቀጭን ብሩሽ ተሠራ። ከግላሱ ሥር አረንጓዴና ቢጫ መርገፍ ተንጠለጠለ። ነፋስ ሲነሳ የሚወዛወዝ ይመስለኝና ዓይኔን እጠርጋለሁ። ከጣሪያው ላይ ኮርቻው ተጫነ። ከኋላ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወዲያ የአምባሰል ተራራ። የምናውቀው አገር ሁሉ እዚያ አለ፤ ሰው ብቻ የለም። በታንኳ የሚቀዝፍ፣ በመንገድ የሚሄድ አንድም ሰው አልሳለችም።

"ሙሽራዋስ የታለች?" አልኳት።

"ሙሽራ ውስጥ ትገባለች እንጂ አትሳልም፣ እምዬ።"

ወሬው ደሴ ደርሶ ካሜራ ያነገቱ ወጣቶች መጡ። አንዱ ዙሪያውን ሲዞረው ቆይቶ ይሄ ከመኪናነት አልፎ የጥበብ ሥራ ሆኗል፣ አዲስ አበባ ተወስዶ በትልቅ አዳራሽ መታየት አለበት አለ። ደስ ብሎኝ ወደ ሕይወት ዞርኩ። "የትም አይሄድም" ብላ ውሃ ልትቀዳ ገባች። ሌላ ቀን ደግሞ ከውጫሌ አንድ ጎልማሳ መጣ። ልጁን ሊድር ነው፤ በዚህ መኪና ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ኑርዬ ሥራ ሲመጣለት ሰው እንዴት እንደሚያግባባ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ሰውየውን እስከ በር ሸኝቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገረው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ወደኔ አየ። ከዚያ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

"ምን አልከው?"

"ተይዟል አልኩት።"

"ለማን?"

"ለአንድ ሰው" አለ ኑርዬ።

አንድ ጠዋት ሕይወት ፊቷን ስትታጠብ እኔ የደረሰችበትን ለማየት ወጣሁ። የሾፌሩ በር ላይ እርካብ ተስሏል። ብረቱ ብረት ይመስላል፣ ጠፍሩም ጠፍር ነው፤ ብትይዘው የሚያዝ። ግን ወደ ታች አልተንጠለጠለም። ጠፍሩ ወደ ላይ ታጥፎ እርካቡ ኮርቻው ላይ ተሰቅሏል።

ወደ ኋላ አልኩ።

የሙሽራ በቅሎ እርካቧ ወደ ታች ነው የሚንጠለጠለው፤ እግር ይጠብቃላ። እርካብ ተሰቅሎ ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ቦታ ነው፣ አምባሰል፣ የባለቤቴ የከበደ ለቅሶ ላይ። በእኛ በኩል ፈረስ የነበረው ሰው ሲሞት ፈረሱን እንደ በዓል ቀን ይሸልሙታል። የሟቹን በርኖስና ጠመንጃ ኮርቻው ላይ አድርገው፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በአልቃሹ መሀል እየሳቡ ያዞሩታል። እርካቡንም ወደ ላይ ሰቅለው ያስሩታል፤ ከእንግዲህ የሚረግጠው የለምና። የከበደን ፈረስ ይዞ የዞረው ጓደኛው ሽታው ነበር። ፈረሱ የአልቃሹን ፊት አንድ በአንድ እያየ ሲዞር ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ የተሸለመ ፈረስ ማየት አልወድም።

"ሕይወት" ብዬ ተጣራሁ። ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ መጣች። "ልጄ፣ ይሄ ስህተት ነው። እርካቡ ወደ ታች ነው የሚሆነው። እንዲህ ሲሆን የ..." ቃሉን ከአፌ ማውጣት ፈራሁ። "የሙሽራ አይደለም።"

"አያ ሽታው ናቸው ያሳዩኝ።"

"ሽታው አርጅቷል፣ ተምታቶበት ነው። አጥፊው። ወንድምሽ መጥቶ እንዲህ ያለ ሟርት እንዳያይ።"

ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛው ነክራ አመጣችና በሩ ፊት ተንበረከከች። ጨርቁን እርካቡ አጠገብ አድርሳ እጇ ቆመ። የማየው ጀርባዋን ነው። ትከሻዋ ወደ ላይ ወጥቶ አልወርድ አለ።

"ይቆይልኝ፣ እምዬ" አለች። "ዛሬን ብቻ ይቆይልኝ።"

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ሽታው ዘንድ ሄድኩ። ሽታው ወደ ሐይቁ ዳር ነው ቤቱ፤ ደጁ ላይ ሰሌን አንጥፎ ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኑ ደክሟል፤ እኔን ግን በእርምጃዬ ያውቀኛል።

"የሺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ለልጅቱ ምን ብለህ ነው የነገርካት?"

"የጠየቀችኝን ነው።"

"እርካቡን ሰቅላዋለች።"

እሱ ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ሽታው፣ የሚሳለው እኮ የሙሽራ በቅሎ ነው። ስንቱን ሙሽራ ያጀብክ ሰው እንዴት ይሄ ይጠፋሃል?"

"አረፍ በይ፣ እቴ።"

"አላርፍም። ባጃጁ ቆሞልኛል።"

ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ "ኪኒንሽን ውጠሻል ዛሬ?" አለኝ።

ሽታው ስለ ኪኒኔ የሚያውቀው ነገር የለም። ስንገናኝ የድሮውን እናነሳለን እንጂ ስለ በሽታ አውርተን አናውቅም። ደጁ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሽማግሌ ስለ ኪኒኔ ማን ነገረው? የነገረው ሰው ሌላውንም ነግሮታል። የአሚናት ጥርስ፣ የውጫሌው ሰው ባርኔጣ፣ የኑርዬ ዝምታ፣ የሕይወት ቀይ ዓይን አንድ ላይ መጡብኝ። አገሩ ሁሉ ያውቃል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ውጫለሁ" አልኩት።

ሊነሳ ከዘራውን ተደገፈ። "የሺ..."

"ተቀመጥ። ምንም አላልከኝም። እኔም አልመጣሁም።"

ባጃጁን አሰናብቼ ወደ ውሃው ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያራግፋሉ። ከሸንበቆው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩ። ድምፅ ባወጣ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ከተሰበሰበ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ልጅቷም ብሩሿን ትጥላለች።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ከሰው ጋር ሆኜ በጎህ ስንቱ ደጅ ቆሜያለሁ። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሐዘንተኛው ጠንከር እስኪል ይጠበቃል። የኔ መርዶ ደግሞ የሚጠብቀው ሥዕሉን ነው። ሲያልቅ የአምባሰል ዘመዶች ይጠራሉ፤ ያን ጊዜ ይነግሩኛል። ሕይወት ወንድሟን እንዳታለቅስ የተከለከለችው በኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ በእጇ ታለቅሳለች፣ እሱ ባዘዛት ሥራ። እኔ አሁን እየጮህኩ ብገባ ያንኑ እነጥቃታለሁ። ኑርዬም የሚበላበትን መኪና አሳልፎ የሰጠው ለዚህ ነው።

አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላም ነበር። እስካልነገሩኝ ድረስ ቢያድግልኝ ጅቡቲ ወረፋ ላይ ነው። ስልኩ ተሰርቆበታል። ሙቀቱ አማሮት መኪናው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፎ ጋደም ብሏል። እዚያው ጥቂት ቀን ይሰንብትልኝ አልኩ። ከዚህ በላይ የምለምነው ነገር አልነበረኝም።

ፊቴን በሐይቁ ውሃ ታጥቤ በእግሬ ተመለስኩ። ሕይወት እንደተንበረከከች ናት። ጨርቁ እጇ ላይ ደርቋል።

"ሽታው ዘንድ ሄጄ ነበር" አልኳት።

ቀና አለች። ሕፃን ሳለች ሰው መጥቶ እናቷን ሲያነሳባት ያየሁትን ዓይን መልሼ አየሁት።

"ልክ እሱ ነው" አልኩ። "የተምታታብኝ እኔ ነኝ። እንዳለ ይሁን።" ከዚያ ጎንበስ ብዬ በጣቴ አሳየኋት። "ጠፍሩ ግን አንዴ ዞሮ ብቻ አይቀርም። ሁለቴ ይጠመጠማል፤ ፈረሱ ሲንቀሳቀስ እንዳይፈታ። ጫፉ ደግሞ ወደ ውስጥ ይደበቃል።"

ፈረስ አልኩ እንጂ በቅሎ አላልኩም። ልብ ብላው እንደሆነ አላውቅም። ብሩሿን አንስታ ጠፍሩን ደግማ አዞረችው፤ እኔም በርጩማ አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ውሎዬ እዚያው ሆነ። ቀለም አቀብላታለሁ። ሳጎርሳት እጇ ስለተያዘ እንቢ አትለኝም። ኑርዬ ሲመጣ "ወረፋው ደረሰው?" እለዋለሁ። "ትንሽ ቀርቶታል፣ እማማ" ይለኛል። አንድ ቀን ይህንኑ ሊለኝ ሲል ድምፁ ተሰነጠቀበትና ጎማ እንደሚያይ ሆኖ ጎንበስ አለ።

"አብሽር" አልኩት። ለምን አብሽር እንዳልኩት አልጠየቀኝም።

እንባ ሲመጣብኝ ለዶሮዎቹ እህል ልበትን ወደ ጓሮ እሄዳለሁ። ዶሮዎቹ በዚያ ሰሞን ወፈሩ። አሚናት በአጥሩ ስታየኝ ፊቷን ታዞርልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እጇን በአጥሩ ክፍተት አሾልካ ሰጠችኝ። ያዝኩት። የዓሣ ጠረን ነበረው። 

ሥዕሉ ያለቀ ዕለት ሕይወት ብሩሾቿን ሁሉ አጥባ ፀሐይ ላይ ደረደረች። ብሩሽ ማጠብ የምትጠላ ልጅ ናት፤ ሁልጊዜ የምቆጣት እኔ ነበርኩ። ነገ ነው አልኩ በልቤ። የቢያድግልኝን ነጭ ሸሚዝ ከሳጥኑ አውጥቼ ተኮስኩት። ከረባቱን ማሰር ስለማላውቅ እሱ አስሮ እንደሰቀለው፣ ቋጠሮውን ሳልነካ አወረድኩት።

ጎህ ሲቀድ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ብዙ እግር ነው፣ ቀስ ብሎ ለመርገጥ የሚሞክር። በሩን ከፈትኩት። የቅሬው፣ የዕድራችን ሰዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ቄሱ፣ የአምባሰል ዘመዶቼ፣ አሚናት፣ በሰው ክንድ የተደገፈው ሽታው ግቢውን ሞልተውታል። ፊታቸው ላይ ሲያጠኑት ያደሩት ቃል ይታያል። እኔ ግን ለብሼ ቆሜያለሁ፤ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ፣ ሸሚዙና ከረባቱ ክንዴ ላይ።

ሕይወት ነጠላዬን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"ኪኒኔን ውጫለሁ" አልኳቸው።

ለቅሶው ያን ጊዜ ፈነዳ። ሕይወት እላዬ ላይ ወደቀች፤ ያን ያህል ጊዜ በጉሮሮዋ የያዘችውን ጮኸችው። መሬት ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። እኔም ጮህኩ። ድምፄ የኔ አይመስለኝም ነበር።

በኋላ ኑርዬን በእጄ ጠራሁት። ከፊቱ ከመጣ ከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ፣ መኪናው ተቃጥሎ እሳቱ እንዳላተረፈው፣ ጓደኞቹ ሹፌሮች እዚያው ሚሌ እንደቀበሩት ነገረኝ።

"ቸኩሎ ነበር?" አልኩት።

"የለም፣ እማማ። እሱ ቀስ ብሎ ነበር። የቸኮለው ከፊቱ የመጣው ነው።"

እውነቱን ይሁን ሊያሳርፈኝ፣ አላውቅም። ደግሜ አልጠየቅሁትም።

መኪናው ወደ ለቅሶው ሜዳ ሊወጣ ሲል ሽታው ከዘራውን አነሳ። "ሞተሩ አይነሳ" አለ። "የለቅሶ ፈረስ አይጋለብም፣ ይሳባል።" እኔ ሸሚዙን የሾፌሩን ወንበር አለበስኩት፤ ከረባቱንም አጠለቅሁለት። በሩን ዘጋሁ። እንደ ልማዱ ድምፅ አላሰማም። ወጣቶቹ ከኋላ ገፉ፤ ኑርዬ በተከፈተው መስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ይዞ በእግሩ ከጎኑ ሄደ። እኔና ሕይወት ተያይዘን አጠገቡ ነን።

ሜዳው ከመድረሳችን በፊት አስፋልቱን ጥቂት መከተል አለብን። እዚያ ትንሽ ቁልቁለት አለች። መኪናው በራሱ ሊሮጥ ፈለገ። ከገፊዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ፊት ዞረው በደረታቸው ያዙት።

"ቀስ" አልኩ።

"ቀስ ብለናል፣ እማማ" አለ ኑርዬ።

"ቀስ፣ ልጆቼ።"

ከኋላችን ወደ ወልድያ የሚሄዱ ሚኒባሶችና ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ነበር። ጥሩምባ የነፋ የለም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ገና ወጣት ነው፣ ወርዶ እያየ መጣ። በሩ ላይ የተሰቀለውን እርካብ አየ፤ ባዶውን ሸሚዝ አየ። ማን እንደሞተ አልጠየቀም። እጁን በሩ ላይ አሳርፎ ከእኛ ጋር መግፋት ጀመረ። መጨረሻ የተቀባው ቀይ በደንብ አልደረቀም ነበርና መዳፉ ላይ ቀረ።

"በውሃ አይለቅህም፣ ልጄ" አልኩት። "ማቅጠኛ እንሰጥሃለን። ከዚህ ስትሄድም ቀስ ብለህ ንዳ።"

"እሺ፣ እናቴ" አለኝ፤ እጁን ግን ከበሩ አላነሳም።